ተቀበል!

መርካቶ፣ ትዝታ እና አንድ ዘፈን ለሰው የሚሰጠው ነፃነት

አይሱዙው ላይ የቆመው ልጅ ጆንያውን ወደ ጠርዝ ይጎትትና "ተቀበል!" ይላል። ከታች ያለው ተሸካሚ ጀርባውን ይሰጣል። ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል፣ ይቃናል፣ ይሄዳል። ሌላው ይተካል። "ተቀበል!" መርካቶ ውስጥ ከንጋት እስከ ምሽት የዚህችን ቃል ያህል የሚደጋገም ያለ አይመስለኝም። በርበሬው፣ ምስማሩ፣ ሳሙናው፣ የሕፃን ልብሱ፣ ሁሉም ከሰው ጀርባ ወደ ሰው ጀርባ የሚያልፈው በእሷ ነው።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ዝናብ ጣለ። የነሐሴ ዝናብ ነው፤ አያንጠባጥብም፣ ይዘረግፋል። መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግተው ካልሲ የሚሸጡ ልጆች አራቱን ጫፍ ባንዴ ሰብስበው ትከሻቸው ላይ ጣሉና ወደየበረንዳው ሮጡ። የመኪናው ሸራ ተጎተተ። ተሸካሚውም ባዶ ጆንያ እንደ ቆብ ደፍቶ፣ እኔ ከተጠለልኩበት የልብስ ሰፊ በረንዳ ገባ። ባንድ አፍታ 10 የምንሆን የማንተዋወቅ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጣብበን ቆምን።

ልብስ ሰፊው አዛውንት ናቸው። ከሲንጀራቸው በላይ ምስማር ላይ የተንጠለጠለች ሬዲዮ አለቻቸው። ቆርቆሮው ሲደበደብ ምንም አልሰማንም ነበር። ዝናቡ ጋብ ሲል ግን ሳክስፎን ተሰማ፤ ከዚያም የማሕሙድ አህመድ ድምፅ። ትዝታ ነው። የአዛውንቱ እግር መርገጫውን አልለቀቀም፤ ግን ዘገም አለ። መርፌዋም ከዘፈኑ ጋር መሄድ ጀመረች።

"እስቲ ከፍ ያድርጉት፣ ጋሼ" አለ ተሸካሚው።

ከፍ አደረጉት።

"የማን ትዝታ ነው?" አለ ከኋላዬ የቆመ ወጣት፣ ስልኩን አውጥቶ ስሙን ሊፈልግ።

"አሁን የማሕሙድ ነው" አሉ አዛውንቱ፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። "ጧት የአስቴር ነበር። ማታ የማን እንደሚሆን እንጃ።"

ሰው ሳቀ። ነገሩ ግን ከቀልድ ያለፈ ነው። መርካቶ ውስጥ የቆምንበት በረንዳ ባለቤት አለው። ሚዛኑ ባለቤት አለው፤ ጋሪው በቀን ይከራያል፤ የአንድ ክንድ ቦታ ስንት እንደሚያወጣ ደላላው ያውቃል። ትዝታ ግን ማን እንደደረሰው አይታወቅም፤ የኔ ብቻ ነው የሚል ዘፋኝም የለም። እንዲህ ያለ ዘፈን፣ ሁሉ ነገር ዋጋ በተቆረጠለት ገበያ ውስጥ ለሚኖር ሰው ምን ያደርግለታል? ይህ ጽሑፍ ያንን ይከተላል።

ከነፃነት ማግስት የተወለደ ልጅ

የመርካቶ ታሪክ በነፃነት አይጀምርም። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው የፋሺስት አስተዳደር ነጭና ጥቁር በአንድ ሰፈር እንዳይኖሩ፣ በአንድ ገበያ እንዳይገበያዩ ፈለገ። አራዳን ለራሱ ሰዎች አስቀረና የሀበሻውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ "የአገሬው ሰው ገበያ" አለው። ከጣሊያንኛው "ሜርካቶ" መርካቶ መጣ፤ ሰፈሩም አዲስ ከተማ ተባለ።

የተገፋው ሰው ግን የተገፋበትን ቦታ የራሱ አደረገው። ለእያንዳንዱ ጥግ ስም አወጣለት፦ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ከጉራጌ አገር የመጣው ወጣት ጫማ ጠርጎ፣ ሱቅ በደረቴ አዙሮ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ አንድ ቀን የራሱን መዝጊያ ከፈተ።

ማሕሙድ አህመድ ከዚህ ሰፈር፣ ከጉራጌ ቤተሰብ የተገኘ ነው። የተወለደው ሚያዝያ 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ በገቡ በሦስተኛው ቀን። አገር ነፃ የወጣበት ሰሞን ነው። ይሁንና አገር ነፃ ሲወጣ ነፃነቱ በዚያው ቀን እያንዳንዱን ደጃፍ አያንኳኳም። ልጁ በትምህርት አልገፋም። ሊስትሮ ሆነ።

ሊስትሮ ቀኑን ሙሉ ከሰው እግር ስር ተቀምጦ ወደ ላይ ያያል። እጁ የደንበኛው ነው፤ ዓይኑም ከጫማው አይነሳም። የራሱ ሆኖ የሚቀረው ጆሮው ነው። ማሕሙድ ከልጅነቱ በሬዲዮ ሙዚቃ የተለከፈ ነበር። ብሩሹ ወዲያና ወዲህ ሲል ዜማ ይከተላል፤ ይህን ለማወቅ ዛሬም አውቶቡስ ተራ ሄዶ ጫማ ማስጠረግ ይበቃል።

ከሊስትሮነት ቀጥሎ ያገኘው ሥራ አሪዞና ክለብ ውስጥ፣ ያዘዙትን ሁሉ የሚሠራ ሠራተኛ መሆን ነበር። ክለቡ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ የሚሰባሰቡበት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ ምሽት ዘፋኙ ቀረ። ልጁም ልዝፈን ብሎ ጠየቀ። ዘፈነ። ብዙ ሳይቆይ ከባንዱ ጋር ሆነ፤ እስከ ንጉሡ መውረድ ድረስም ከክቡር ዘበኛ ጋር ቆየ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ ዕድሉ ይወራል፤ ዘፋኙ ባይቀር ኖሮ ይባላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ጥያቄው ነው። ያን ምሽት ማንም አልጠራውም። ብርጭቆ የሚያነሳ ልጅ "ልዝፈን" ሲል መጀመሪያ ነፃ የወጣው እዚያ ነው፤ ጭብጨባው በኋላ የመጣ ነገር ነው።

ዜማው እንዴት ነው የተሠራው?

ትዝታ ሦስት ነገር ነው። የስሜት ስም ነው፤ የዘፈን ስም ነው፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ደግሞ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች የአንዱ ስም ነው። ሙዚቃ የተማረ ሰው ሙሉውን ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ ይቆጥረዋል፤ 5 ድምፅ ብቻ። ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ግማሽ ትዝታ ይሆናል፤ ያኔ ሆድ ይብሳል።

በሙሉው ትዝታ ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ሁለት ድምፆች የሉም። ለጆሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግማሽ ድምፅ ቸኳይ ነው፤ ወደ ጎረቤቱ ይገፋል፣ ቶሎ ጨርስ ይላል። ትዝታ ያ ግፊት ስለሌለበት ይዞራል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይዞራል። ዘፋኙ ባሻው ቦታ ቢገባ፣ ባሻው ቦታ ቢያርፍ ዜማው አይከሰውም። ሬዲዮው ላይ 3 ደቂቃ ሊሆን ይችላል፤ አዝማሪ ቤት ውስጥ ግማሽ ሌሊት።

ግጥሙም እንደዚሁ ክፍት ነው። ብዙ ጊዜ የሚገጠመው በወል ቤት፣ ስድስት ስድስት ቀለም እየቆጠረ በሚሄደው፣ የሁሉም አፍ በሚያውቀው ልክ ነው። ማንበብ የማይችል ሰውም ይገጥምበታል። ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተርክም፤ ሁለት ሁለት ስንኝ ይወረውራል። አንዱን አውጥቶ ሌላውን ቢያስገቡበት አይፈርስም። ለዚህ ነው ትዝታ ከዘፋኝ ዘፋኝ፣ ከምሽት ምሽት የሚለየው። ማሕሙድ ራሱ በተለያየ ዘመን ደጋግሞ ቀርፆታል።

ነፃነቱ ከሁሉም በላይ የሚታየው አዝማሪ ቤት ነው። መሰንቆ ያነገበው ሰው መሀል ይቆማል። ጥግ የተቀመጠ እንግዳ፣ ነጋዴም ይሁን ሾፌር፣ እጁን ያነሳና "ተቀበል!" ይላል። ከዚያ ሁለት ስንኝ ይናገራል፤ ስለከዳችው ሴት፣ ስለሞተች እናቱ፣ አንዳንዴም በሰምና ወርቅ ሸፍኖ ስለ አለቃው ወይም ስለ መንግሥት። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። ሰውየው በገዛ አንደበቱ ቢናገረው የሚያሳፍረው፣ ወይም የሚያስጠይቀው ነገር፣ በሌላ ሰው ድምፅ ቤቱን ሞልቶ ይሰማል። ያዳመጠው ሁሉ ይስቃል ወይም አንገቱን ይደፋል። ሰውየውም ቀለል ብሎት ይቀመጣል።

መኪናው ላይ ያለው ልጅና አዝማሪ ቤት ያለው እንግዳ በአንድ ቃል የሚናገሩት ለዚህ ይመስለኛል። ሁለቱም የያዙት ነገር ከብዷቸዋል። ሁለቱም ሰው ይፈልጋሉ። የውጭ አድማጮች ትዝታን "የኢትዮጵያ ብሉዝ" ይሉታል፤ ትዝታና ብሉዝ ሐዘንን በጥቂት ድምፅ ስለሚያዞሩት ይመሳሰላሉ። የትዝታ ነፃነት ግን ከሸክም መሸሽ አይደለም። ጀርባን የሚያሳርፈው የሚቀበል ሰው መገኘቱ ነው።

ሸክላ፣ ሰዓት እላፊ፣ ካሴት

ለሰው ነፃነት የሚሰጥ ዘፈን ራሱ ነፃ ሆኖ አልኖረም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ሙዚቀኛው ራሱ ወታደር ነው፤ ማዕረግና ትእዛዝ አለበት። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ማግስት፣ ሙከራውን ከጠነሰሰው ክቡር ዘበኛ ጋር ሙዚቀኞቹም መዘዙ ደረሳቸው፤ ጥላሁን ገሠሠ ታስሯል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ የተባለ ሙዚቃ ወዳድ ወጣት አዋጁን ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። ያሰሩኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አላሰሩትም። እስከ 1967 ዓ.ም. ባሉት ጥቂት ዓመታት 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል አልበሞች አወጣ፤ ከነዚያ መካከል የማሕሙድ ይገኙበታል። ደርግ ሲመጣ አምሃ አገር ጥሎ ወጣ። ሥራውን ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋ ቀጠለ፤ ማሕሙድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወተውን "እረ መላ መላ"ን ያወጣውም እሱ ነው።

አርእስቱን ልብ በሉት። "መላ" የመርካቶ ቃል ነው። ዕቃ ሲጠፋ፣ ዕቁብ ሳይደርስ ዕዳ ሲደርስ፣ ሰው "መላ ፈልግ እንጂ" ይባባላል። ዘፈኑ የፍቅር ነው። ንጉሥ በወረደበትና ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ሰሞን ግን፣ መላ ያልጠፋበት ማን ነበር?

ከዚያ ሰዓት እላፊው መጣ። የደርግ ዘመን ሌሊት ዝም አለ። የምሽት ቤቶች ሊጨፍሩ የመጡ ሰዎችን ከውስጥ ቆልፈው እስከ ንጋት ያሳድሩ ነበር፤ ነፃነት ለማግኘት ሰው በፈቃዱ ይቆለፍ ነበር ማለት ነው። ሸክላ ቀረ፤ ካሴት ተተካ። ካሴት ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይባዛል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። በአውቶቡስ ተራ በኩል ከሾፌሩ ጋር ወደ ጎጃም፣ ወደ ወሎ፣ ወደ ጅማ ይጓዛል።

በእኛ ቤት አባቴ ከምሽቱ ዜና በኋላ መስኮቱን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ስቦ፣ ቴፑን ዝቅ አድርጎ ያስጀምር ነበር። የተከለከለ ነገር አልነበረም፤ ትዝታ ነው። ግን ያኔ በሩ ሲንኳኳ የሚደነግጥ ሰው ነበር፤ ቀን ቀን ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ መፈክር ያሰማል። ማታ ዘፈኑን ተከትሎ በለሆሳስ የራሱን ስንኝ ያስገባ ነበር። ቤታችን ውስጥ ያለ ፍርሃት ሲናገር የሰማሁት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ለማን እንደሚገጥም ጠይቄው አላውቅም። የሚቀበለው ቴፑ ነበር።

አንዋርና ራጉኤል

መርካቶ ውስጥ ሁለት ትላልቅ የእምነት ቤቶች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ታላቁ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን። አዛኑና ቅዳሴው በአንድ አየር ላይ ይገናኛሉ። የሙዚቃ ቤቶችም ዘመን ይቆጥራሉ፦ በሁዳዴ በገናና መዝሙር፣ በረመዳን መንዙማ ይከፈታል።

መንዙማ የወሎ ሸሆች እምነትን በሕዝቡ ቋንቋ ያስተማሩበት ዜማ ነው፤ ሼኽ ጦልሐን የመሰሉ ሊቃውንት አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ጽፈውታል። አውጪው ያወጣል፣ ጀማው ይቀበላል፣ ድቤው ይመታል። ከዚያ ወዲህ በካሴት ዘመን የመሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማዎች መርካቶን ሞሉት። ራጉኤል ማሕሌት ቢገቡ ደግሞ ቀኝና ግራ የቆሙት ሊቃውንት በጸናጽልና በመቋሚያ የያሬድን ዜማ እየተቀባበሉ ሲያደርሱ ያገኟቸዋል። እዚህም "መቀበል" አለ። ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ነገር ለፈጣሪው ሲያቀርብ እንኳ፣ ከጎኑ የሚቀበለው ድምፅ ይፈልጋል።

እንግዲህ ትዝታ ከነዚህ ጋር ዘመድ ነው ወይስ ባላንጣ? በረንዳው ላይ ያሉት ሰዎች ይህን ቢጠየቁ አይስማሙም። ለብዙ አማኝ ዘፈን ዘፈን ነው፤ ከመንፈስ መንገድ ያወጣል። ክርክሩም የቃል ብቻ አይደለም፤ ሰዎች በሕይወታቸው ከፍለውበታል። ሙሉቀን መለሰ በዘመኑ ከነበሩት ድንቅ ድምፆች አንዱ ሆኖ ሳለ ዓለማዊ ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር ገባ፤ በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ እስኪያርፍ ድረስም አልተመለሰም። የፖሊስ ኦርኬስትራዋ ሂሩት በቀለም እንደዚሁ። አድናቂዎቻቸው አዘኑ። እነሱ ግን ነፃ ወጣን አሉ።

እኔ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። ነፃነት የሚገኘው በአንድ በር ብቻ ቢሆን ኖሮ መርካቶ ውስጥ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ባልተጎራበቱ ነበር። ሙሉቀን የተወው ዘፈን የራሱን ስንኝ መያዝ ያልቻለበት ቀን የመጣ ይመስለኛል፤ ሊናገር የፈለገውን የሚቀበልለት ሌላ ዜማ ፈለገ፣ አገኘ። ማሕሙድ ደግሞ የመርካቶ ሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ሆኖ ዕድሜውን ሁሉ ትዝታን አልተወም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አማኙም ተጠራጣሪውም የየራሱን ሰው እያሰበ ሰማው።

የቀረው

"እረ መላ መላ" በ1978 ዓ.ም. በአንድ የቤልጂየም አሳታሚ በኩል አውሮፓ ገባ። ከዚያ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ "ኢትዮፒክስ" በሚል ተከታታይ ሥራ የነዚያን ዘመናት ሸክላዎች ለዓለም አሰማ። በ1999 ዓ.ም. ማሕሙድ የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት በአፍሪካ ዘርፍ ወሰደ። በጥር 2017 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ መድረክን ተሰናበተ። የመርካቶው ሊስትሮ ልጅ ያን ሁሉ ዓለም ዞሮ ሲሰናበት፣ የመጣለት ሕዝብ ግጥሙን ከእሱ ጋር ይል ነበር።

የካሴቱም ዘመን አለፈ። ሙዚቃ ፍላሽ ላይ ተጫነ፣ ከዚያ ስልክ ውስጥ ገባ። መርካቶ ራሱ እየፈረሰ እየተሠራ ነው፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት የስንቱን የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ሌሊት በላው። ዛሬ በዚያ ስታልፍ ነጋዴው "እዚህ ጋ ነበርን" ይልሃል በጣቱ። "ነበር" ከሚለው ቃል በላይ ትዝታ የለም። ዜማው የሚጠቅመው ለዚህ ቀን ነው፦ የተቃጠለውን አይመልስም፤ ግን "እዚህ ጋ ነበርን" የሚለውን ሰው ብቻውን አያስቀረውም።

በረንዳው ላይ ዝናቡ አባራ። ወጣቱ ለካ የዘፈኑን ስም መፈለጉን ትቶት ነበር፤ ስልኩን ኪሱ ከቶ ያዳምጣል። ተሸካሚው ግድግዳውን ተደግፎ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ማሕሙድ የሚለውን አልነበረም የሚለው። ሳክስፎኑ ብቻውን በሚጫወትበት ክፍት ቦታ ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ በወል ቤት ልክ፣ የራሱን ሁለት ስንኝ አስገባ። ቃሉን ሰምቻለሁ፤ የእሱ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። አዛውንቱ ግን ቀና ሳይሉ፣ ዓይናቸው ከመርፌው ሳይነሳ፣ የመጨረሻዋን ቃል በዜማ መለሱለት።

ተቀበሉት።

የመኪናው ሸራ ተገለጠ። ተሸካሚው ጆንያውን ከራሱ አውልቆ ትከሻው ላይ አነጠፈ፤ እየረገጠ ያለውን ጭቃ እንኳ ያየ አይመስልም። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ብሎ ወጣ። ከላይ ልጁ ጆንያ እየጎተተ ነው።

"ተቀበል!"

ጀርባውን ሰጠ።